የዳር ተመልካቹ ድርሻ፦ በትምህርት ቤት ጉልበተኝነትን ስለ መከላከል



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለውም ያውቀዋል። ይኸውም ጉልበት ያለው ተማሪ ጉልበት የሌለውን እየመረጠ የሚያጠቃበት፣ የሚያሸማቅቅበትና ከጓደኞቹ የሚነጥልበት ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ «የልጆች ቀልድ ነው፤ ሲያድጉ ይተውታል» እየተባለ ይታለፋል። እኛ ግን ሊታለፍ የማይገባው ስለ ምን እንደሆነ፣ መፍትሔውም እንዴት ያለ እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። የሐሳባችን ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጉልበተኝነት የሚኖረው ቆሞ በሚመለከተው ተማሪ ዝምታ ነው፤ ተመልካቹ ከዝምታው እንዲወጣ ደግሞ ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ወላጁ፣ መምህሩና የሰፈሩ ሰው ከኋላው መቆም አለባቸው።

ሀ/ ጉልበተኝነት ምንድን ነው?

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት ለይተን እናስቀምጥ። በቋንቋችን ለዚህ ድርጊት ብዙ ስሞች አሉ። ማሾፍ፣ ማንጓጠጥ፣ ማላገጥ፣ ማሸማቀቅ፣ ማግለል፣ መደብደብ እንላለን። እያንዳንዱ ቃል የነገሩን አንድ ገጽ ብቻ ያሳያል። በአሁኑ ጊዜ ሁሉንም ጠቅልሎ «ጉልበተኝነት» ማለት እየተለመደ ስለ መጣ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልዌውስ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስፋት ካጠኑት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። እንደ እሳቸው አገላለጽ አንድ ድርጊት ጉልበተኝነት ለመባል ሦስት ምልክቶች ሊኖሩት ይገባል። እነዚህም፦

1ኛ/ ሆን ተብሎ ሌላውን ለመጉዳት የሚፈጸም መሆኑ፤
2ኛ/ በተደጋጋሚ የሚፈጸም መሆኑ፤
3ኛ/ በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ፣ ይህም ማለት የሚጠቃው ወገን ራሱን ለመከላከል የሚቸገር መሆኑ ናቸው።

ስለዚህ በኳስ ምክንያት ተጣልተው የተያያዙ ሁለት እኩዮች ጠበኞች እንጂ ጉልበተኞች አይባሉም። ነገ ይታረቃሉ፤ አብረውም ይጫወታሉ። ነገር ግን ከገጠር ቀበሌ ትምህርቱን ሊቀጥል መጥቶ፣ በከተማው ዳር አንዲት ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖረውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። ለመምህሩ ጥያቄ ለመመለስ አፉን በከፈተ ቁጥር የአነጋገሩን ለዛ እየቀዱ የሚስቁበት ልጆች አሉ። በጫማው ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ቅዳሜ ከቤተሰቡ ያመጣውን ስንቅ ያሾፉበታል። ይህ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም ይደገማል። አንድም ቀን አልተመታም፤ ሦስቱ ምልክቶች ግን ሁሉም አሉ።

ከዚህ ምሳሌ እንደምንረዳው ጉልበት ሲባል የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። ብዛት ጉልበት ነው፤ የአባት ሀብት ጉልበት ነው፤ የከተማ ልጅ መሆን ጉልበት ነው። የሌላውን ምሥጢር ወይም ፎቶግራፍ በእጅ ስልክ ይዞ መገኘትም ጉልበት ነው። በተለይ ይህ የመጨረሻው በእኛ ዘመን የመጣ ነው። ቀድሞ የተጠቃ ልጅ ቢያንስ ቤቱ ሲገባ ያርፍ ነበር። ዛሬ ግን በክፍል የተጀመረው ፌዝ በቴሌግራምና በቲክቶክ አማካይነት እስከ መኝታው ይከተለዋል። ሴቶች ልጆች ደግሞ በትምህርት ቤት መንገድ የሚደርስባቸው ለከፋ ከዚሁ ነገር ተለይቶ መታየት የለበትም፤ በየቀኑ የሚደገምና ለመከላከል የሚያስቸግር ነውና።

ለ/ ጉዳቱ እስከ ምን ይደርሳል?

ዩኔስኮ የልዩ ልዩ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል ከጥያቄው በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ በትምህርት ቤት ጥቃት እንደ ደረሰበት ገልጿል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ባለጌ ልጆች ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

በተጠቃው ተማሪ ላይ የሚታየው ጉዳት ብዙ ነው። እንቅልፍ ያጣል፤ ያለ በሽታ ራሱን ወይም ሆዱን ያመዋል፤ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ይተዋል፤ ብቸኝነትና ጭንቀት ያድርበታል። ከትምህርት ገበታው መቅረት ይጀምራል። ከላይ በምሳሌ ያነሣነውን ልጅ መለስ ብለን ብናስብ ደግሞ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። የቤት ኪራዩን ለመክፈል በግ ወይም እህል የተሸጠው በገበሬው ቤት ነው። ልጁ «ትምህርት አልሆነኝም» ብሎ ስንቁን ተሸክሞ ቢመለስ፣ ምክንያቱን ለአባቱ ለመናገር ያፍራል። ቤተሰቡም ልጃቸው ሰነፍ የሆነ ይመስላቸዋል። ታናናሾቹን ወደ ከተማ ለመላክም ከእንግዲህ ያመነታሉ። አንዲት የክፍል ውስጥ ፌዝ እስከዚህ ድረስ ትሄዳለች።

አጥቂውም ቢሆን ከጉዳት አያመልጥም። ኦልዌውስ በስዊድን ተማሪዎች ላይ ባደረጉት የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል በጉልበተኝነት ከታወቁት ወንዶች መካከል 60 ከመቶ ያህሉ እስከ 24 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። በለጋነቱ «በጉልበት ይሆናል» የሚለውን ትምህርት የተማረ ልጅ፣ ካልታረመ በቀር፣ ጎልምሶም ሌላ ትምህርት አያውቅም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር የሁለቱን ልዩነት በሚገባ ይገልጸዋል። ለአንዱ የእረፍት ሰዓት ሳቅ የነበረው ነገር ለሌላው የዕድሜ ልክ ትዝታ ይሆናል።

ሐ/ ሦስተኛው ወገን

ስለ ጉልበተኝነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በሚመታውና በሚመታው ላይ። ሁኔታውን በጥሞና ያጠኑ ሊቃውንት ግን በዙሪያቸው የቆመውን ክብ ተመለከቱ።

በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመራማሪዎች በካሜራና በድምፅ መቅጃ የልጆችን ጨዋታ ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት እንደ ተገለጸው፣ ከታዩት የጥቃት ድርጊቶች በ88 ከመቶው ላይ ሌሎች ልጆች ቆመው ይመለከቱ ነበር። ጣልቃ የገቡት ግን በ19 ከመቶው ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጆች ጣልቃ በገቡባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም በ57 ከመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ዐሥር ሰከንድ! አንድ ሰው ስሙን ተናግሮ ሰላምታ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ደግሞ በዙሪያው ያሉት ተማሪዎች የሚይዙትን ቦታ ለይተው አሳይተዋል። አንዳንዱ የአጥቂው ረዳት ነው፤ ይይዝለታል፣ ይዘጋለታል። አንዳንዱ አይነካም፣ ግን ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አንዳንዱ ዞር ብሎ ይሄዳል። ጥቂቱ ደግሞ ለተጠቃው ይከላከላል፣ ወይም ኋላ ሄዶ ያጽናናዋል።

ጉልበተኛ ብቻውን ለራሱ ብቻ አይጫወትም። የሚፈልገው ስም ነው፤ ስም ደግሞ ያለ ተመልካች አይገኝም። ሳቁ ከተነሣበት ጨዋታው ይከሽፋል። ተመልካቹ የማይናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ነገ በእኔ ይዞራል ብሎ ስለሚፈራ፣ ወይም ብቻዬን የቆምኩ እመስላለሁ ብሎ ስለሚያፍር ነው። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል። ብቻውን የሚፈራ ተማሪ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲያገኝ ይደፍራል። እንግዲህ የዐውደ ጥናቱ ዋና ሥራ ይህን ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ማዘጋጀት ነው።

መ/ በሌሎች አገሮች የተገኘው ልምድ

እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ሦስት ወንዶች ልጆች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸው ማለፉን፣ ለዚህም ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ከባድ ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀር ጋዜጣ ዘገበ። ሕዝቡ እጅግ ደነገጠ። የትምህርት ሚኒስቴሩም በ1983 በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ዘመቻ አስጀመረ። ኦልዌውስ በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ለሁለት ዓመት ተኩል ተከታተሉ። ተማሪዎቹ ስም ሳይጽፉ ለመጠይቅ መልስ ሰጡ፤ መምህራን በእረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ መዘዋወር ጀመሩ፤ በየክፍሉ ሕግ ተደነገገ፤ ወላጆች ተጠርተው መከሩ። በውጤቱም ጥቃቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

በዚያው አገር በሮጋላንድ ግን ትምህርት ቤቶቹ የዘመቻው ጽሑፍና ፊልም ቢደርሳቸውም ከሦስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም። የተሻለ ለውጥ የታየው በሥራው ውስጥ በርትተው በተሳተፉት ትምህርት ቤቶች ነበር። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ወረቀት ብቻውን አይሠራም፤ ወረቀቱን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል።

ፊንላንድ ደግሞ «ኪቫ» የተባለውን መርሐ ግብር ከ2007 እስከ 2009 ከፈተነች በኋላ በመላው አገሪቱ አሠራጨችው። «ኪቫ» በቋንቋቸው «ደስ የሚል» ማለት ሲሆን «ጉልበተኝነትን በመቃወም» ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላትም የተወሰደ ነው። በዚህ አሠራር ጥቃት ሲደርስ ሦስት አዋቂዎች ያሉበት ቡድን ከአጥቂውም ከተጠቂውም ጋር ለየብቻ ይነጋገራል። ከዚያም በክፍሉ ከሚከበሩት ተማሪዎች ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑትን መርጦ ለተጠቃው ልጅ አጋር እንዲሆኑ አደራ ይሰጣቸዋል።

ተማሪዎች በራሳቸው ተነሣሽነት የሠሩትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ አዲስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሮዝ ቀለም ያለው ሸሚዝ ለብሶ በመምጣቱ ተሳለቁበት፤ ዛቱበትም። ዴቪድ ሼፐርድና ትራቪስ ፕራይስ የተባሉ ሁለት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ከርካሽ ሱቅ ብዙ ሮዝ ካናቴራ ገዝተው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጓደኞቻቸው አደሉ። ብዙዎችም ከየቤታቸው ሮዝ ለብሰው መጡ። በዚያ ቀን በልብሱ ቀለም ሊሰደብ የሚችል ተማሪ አልነበረም። ልብ እንበል፤ አጥቂዎቹን የደበደበ የለም። ክቡ ግን ወደ ሌላው ወገን ዞረ።

በኒው ጀርዚ በ56 ትምህርት ቤቶች በ2012 እና 2013 የተካሄደው ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። እዚያ የተመረጡት ጥቂት ተማሪዎች በግቢያቸው የሚታየውን ችግር ራሳቸው ለይተው፣ ራሳቸው በመረጡት መንገድ በአደባባይ ተቃወሙት። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ለቅጣት የደረሱ ግጭቶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በ30 ከመቶ ያህል አነሱ። ውጤቱ ይበልጥ የታየው ብዙ ባልንጀራ ያላቸው ተማሪዎች በቡድኑ ውስጥ በተገኙበት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን በተማሪ ትከሻ ላይ መጣል አይገባም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 44 ያህል የመርሐ ግብር ግምገማዎችን አመዛዝነው በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቃቱ በአማካይ ከ20 እስከ 23 ከመቶ እንደ ቀነሰ አግኝተዋል። ይበልጥ ፍሬ ያፈሩት ደግሞ ከወላጆች ጋር ስብሰባ የሚደረግባቸው፣ በግቢው ቁጥጥር የሚጠናከርባቸውና ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ናቸው። አዋቂዎችን ትቶ እኩያን በእኩያ ብቻ ለማረም መሞከር በዚያው ጥናት ጥሩ ውጤት አላሳየም።

ሠ/ ዐውደ ጥናቱ እንዴት ይካሄድ?

እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ባለፈው ክረምት ይህንን በትንሹ ሞክረነዋል። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር በአዳራሻችን ለአራት ቅዳሜዎች ተሰብስበን ተወያይተናል። ወጪው ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ሻይና ቆሎ ነው። የጎደለውን አግዳሚ ወንበር የሰፈሩ እድር አበደረን። ለሌሎች ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ይጠቅም እንደሆነ በማለት ሥርዐቱን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ማወቅ። በር ላይ የተዘጋ ካርቶን ሣጥን ይቀመጣል። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የደረሰበትን ወይም ያየውን ጽፎ ይከታል። የጻፈው ማን እንደሆነ እንዳይለይ ሁሉም፣ የሚጽፈው የሌለውም ጭምር፣ ወረቀት አጥፎ ይከታል። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱንና የመንገዱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ጥቃት በሚበዛበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋሉ። በእኛ ጊዜ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባና ከውሃ ቧንቧው ዘንድ ምልክት እንደሚበዛ ጠብቀን ነበር፤ በዚያም ነበረ። ነገር ግን ከሁሉ የበዛው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ፣ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ድልድዩ አጠገብ ሆኖ ተገኘ። ያ ቦታ የማንም መምህር ዐይን የማይደርስበት ነው። ኅብረተሰቡ ካልተሳተፈ ሥራው ጎደሎ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከሣጥኑ ከወጡት ወረቀቶች በአንዱ ላይ ደግሞ አንድ ተማሪ፣ ከመታው ልጅ ይበልጥ የሚያሳዝኑት ሲመታ የሳቁት የክፍሉ ልጆች እንደሆኑ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ተመልካች ድርሻ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ቦታን መለየት። አጭር ድራማ ይሠራል። አጥቂ፣ ረዳት፣ ሳቂ፣ ዞር ባይ፣ ተከላካይና ተጠቂ ይደለደላሉ። በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። በእውነት የሚጠቃ ተማሪ የተጠቂውን ቦታ ከቶ እንዳይሠራ፤ የማንም እውነተኛ ቅጽል ስምም በመድረክ እንዳይጠራ። ድራማው ካለቀ በኋላ ከመካከሉ ተጀምሮ እንደገና ይሠራል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሳቂው እንዳይስቅ ይደረጋል። ያኔ የአጥቂው ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ሁሉም በዐይኑ ያያል።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ መለማመድ። ተመልካች ሊያደርግ የሚችላቸው አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አለመሳቅና ቪዲዮውን አለማስተላለፍ። ሁለተኛ፣ ከአጥቂው ጋር ክርክር ሳይገጥሙ ለተጠቃው «ና እንሂድ፤ መምህር ይፈልጉሃል» ብሎ ከቦታው ማውጣት። ሦስተኛ፣ ኋላ ሄዶ «ያደረጉብህ ልክ አይደለም» ማለትና ወደ ቤት አብሮ መሄድ። አራተኛ፣ ለሚታመን አዋቂ መናገር። ድብድብ ወይም ስለት ባለበት ማንም ተማሪ መካከል እንዳይገባ፣ ሮጦ አዋቂ እንዲጠራ አጥብቆ መንገር ይገባል። እነዚህን ቃላት ጮክ ብሎ በአፍ መለማመድ ያስፈልጋል፤ በልብ የታሰበ ቃል በጭንቅ ሰዓት አይወጣምና።

እዚህ ላይ «ሳባቂ ትባላለህ» የሚለው ፍርሃት ይነሣል። ልዩነቱ ቀላል ነው። ሰውን ችግር ውስጥ ለመክተት የሚነገር ነገር ሳብቅ ነው፤ ሰውን ከችግር ለማውጣት የሚነገር ግን እርዳታ ነው። ባልንጀራው «መኖር ሰለቸኝ» ሲል የሰማ ተማሪ ደግሞ፣ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ቢገባም እንኳ፣ በዚያው ቀን ለአዋቂ መናገር አለበት።

አራተኛው ቅዳሜ፦ ከኅብረተሰቡ ጋር። ወላጆች፣ መምህራን፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ተወካዮች፣ የእድር ዳኞች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ በበሩ ላይ ቆሎና ድንች የሚሸጡት እናቶች ይጋበዛሉ። ተማሪዎቹ ቀይ ምልክት ያለበትን ካርታ ይዘው ይናገራሉ፤ አዋቂዎቹ ያዳምጣሉ። ከዚያም እያንዳንዱ በአቅሙ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ቃል ይገባል። ዘበኛው በእረፍት ሰዓት አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው ይዞራል፤ መምህሩ በቧንቧው አጠገብ ይቆማል፤ ሱቅ ያለው ሰው በመውጫ ሰዓት ወደ ድልድዩ ዐይኑን ይጥላል፤ ክፍል የሚያከራዩ እማማ ከገጠር የመጡትን ልጆች እንዴት እንደ ዋሉ ይጠይቃሉ። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በወሩና በሦስተኛው ወር እንደገና ተሰብስቦ ምን እንደ ተሠራ መጠየቅ የግድ ነው።

ረ/ ስለ ሽምግልናና ስለ ቅጣት

በአገራችን ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ መቀመጡ የተከበረ ልማድ ነው። ጉልበተኝነት ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ፤ ተቃቀፉ» የሚለው አነጋገር ሁለቱም እንዳጠፉ አድርጎ ይቈጥራል። ያላጠፋው ልጅ የመታውን ልጅ አቅፎ እንዲስም ይገደዳል፤ ከሽማግሌዎቹ ዐይን ሲወጡ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር ይገባል። ከሽምግልናችን ውስጥ ግን እጅግ የሚጠቅም ነገር አለ፤ እርሱም ዋስ መጥራትና የተበደለውን መካስ ነው። አጥቂው ዳግመኛ እንደማይነካው አንድ የሚያከብረው ሰው ዋስ ይሁን፤ ያበላሸውን ደብተር ይተካ፤ ያሠራጨውን ስም ራሱ በክፍሉ ፊት ያንሣ። ዕርቁ ከዚህ በኋላ፣ የተበደለው ሲፈቅድ፣ ይመጣል።

ዱላም መፍትሔ አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከሕጉም ባሻገር፣ ጉልበተኛን በጉልበት መቅጣት ትልቅ የሆነ ሁሉ ትንሹን ሊመታ ይችላል የሚለውን የራሱን ትምህርት ማጽናት ነው።

ማጠቃለያ

እስካሁን ከተመለከትነው የሚከተሉትን ነጥቦች እንይዛለን። ጉልበተኝነት ሆን ተብሎ፣ በተደጋጋሚ፣ በደካማው ላይ የሚፈጸም በደል ነው። የሚበረታው በተመልካች ሳቅ ነው፤ የሚደክመውም ሳቁ ሲቆም ነው። ተመልካቹን የሚያደፋፍረው ደግሞ ከኋላው የሚቆም አዋቂ መኖሩን ማወቁ ነው። የአንድ ቀን ንግግር ይረሳል፤ በወሩ ተመልሶ «ምን ሠራችሁ?» የሚል ሰው ያለበት ሥራ ግን ይጸናል።

በመጪው መስከረም ብዙ አዳዲስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሰፈራችን በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ይገባሉ። ከመካከላቸው ከተማውን ገና የማያውቁ፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው የሚፈልጉ ይኖራሉ። በላይኛው ክፍል ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስማቸውን ጠይቋቸው፤ በስማቸውም ጥሩአቸው። ስሙ በክብር የሚጠራ ልጅ ላይ ሌላ ስም ቶሎ አይለጠፍም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ባለው ትምህርት ቤት ካርታ ቢሣል ቀይ ምልክት የሚበዛው የት ነው? በዚያ ቦታ ዘወትር የሚገኝ አዋቂ ማነው?
2. በቀልድና በጉልበተኝነት መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
3. በስልክ የተላከላችሁን የሚያዋርድ ቪዲዮ ወይም ፎቶግራፍ ምን ታደርጉታላችሁ? ለላከው ሰውስ ምን ትሉታላችሁ?
4. ዋስና ካሣ በትምህርት ቤት ጉዳይ እንዴት ሊሠራባቸው ይችላል? ተወያይታችሁ አንድ አሠራር አቅርቡ።